የወንድሜ ወንድም

ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለችው ጠባብ ክፍል የምትሠራውን ጓደኛዬን በመታወቂያ ስሟ የሚጠራት የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። ለሌሎቻችን «ቀስቷ» ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አልጸጸትም። ወረቀት ካገኘች ቀስት ትስላለች፤ በሻይ ቤት ሶፍት ላይ፣ በስብሰባ አጀንዳ ጀርባ፣ አንድ ቀን ደግሞ እኔ ጋብቻ በምመዘግብበት ክፍል ግድግዳ ላይ። ግድግዳውን በራሷ እጅ አስጠርጌያታለሁ።

ሥራዋ ኦንቶሎጂ ይባላል። ሰው ሲጠይቀኝ «ለማሽን ዝምድና ታስተምራለች» እላለሁ። እሷ ትበሳጫለች፤ ግን እስካሁን የተሻለ አማርኛ አላመጣችም። መዝገብ ቤታችን ወረቀቱን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ባዞረ ጊዜ ማሽኑ ስሞችን አወቀ እንጂ በስሞቹ መካከል ያለውን ነገር አላወቀም። ማን የማን ልጅ ነው? የትኛው ቤት በየትኛው ሰፈር ውስጥ ነው? ይህን የሚያስረዳለት ሰው ሲፈለግ ቀስቷ ከቤተ መጻሕፍት ተጠራች። እዚያ መጻሕፍትን በየዘርፋቸው ስታሰልፍ የኖረች ሴት ናት። በዚህ ዓለም ላይ ማንኛውም ነገር ቦታ አለው ብላ ታምናለች፤ ከራሷ የቤት ቁልፍ በስተቀር። እሱን ሁልጊዜ አብረን ነው የምንፈልገው።

ቤታችን አጥር ለአጥር ነው፤ ስለዚህ ቤቷም ገብታ እንደማታርፍ አውቃለሁ። የማቀዝቀዣቸው በር ማን ምን እንደማይበላ በሚያሳዩ ቀስቶች ተሞልቷል። ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ዱቄት በነካ ጣቱ አንዳንዱን ቀስት ያጠፋና እንቁላል የማይበላውን ልጅ እንቁላል በሊታ ያደርገዋል፤ ከዚያ ቤቱ ይታመሳል። አብረዋቸው የሚኖሩት አማቷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በሩ ፊት ቆመው፣ «ልጄ፣ ዛሬ እኔን ከምን ጋር ነው ያሰርሽኝ?» ይሏታል።

እንዴት እንደምትሠራ ያየሁት የተቀጠረች ሰሞን ነው። ሻዬን ይዤ ወደ ክፍሏ ብቅ አልኩ።

«ጎረቤቴ ነሽ አይደል?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ባልሽ ሲያንኮራፋ የምነቃው እኔ ነኝ፤ ጎረቤት ካልሆንኩ ምንድን ነኝ?»

«እንግዲህ አንቺ ጎረቤቴ ከሆንሽ እኔም ጎረቤትሽ ነኝ። ይሄን ለማወቅ ሁለተኛ መጠየቅ አያስፈልገኝም። ደርሶ መልስ ነው።» ወረቀቷ ላይ በሁለቱም ጫፍ የሾለ ቀስት አሰመረች። «አሁን ደግሞ፣ ማንኪያው መሳቢያው ውስጥ ነው፤ መሳቢያው ጠረጴዛው ውስጥ ነው። ማንኪያው የት ነው?»

«ጠረጴዛው ውስጥ። አምጪውና ሻዬን ላማስል።»

«ይሄ ተሻጋሪ ነው። አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው ካያያዝሽ፣ አንደኛውና ሦስተኛው ራሳቸው ይገናኛሉ። አለቃችንስ? ያንቺ አለቃ ናቸው፤ አንቺስ የእሳቸው አለቃ ነሽ?»

«ምነው በሆንኩ!»

«ይሄ ደርሶ ብቻ ነው፤ መልስ የለውም።»

የወላጅ እናትን ጉዳይ «አንድ ለእናቱ» ብላ ሰየመችው፤ ሰውን የወለደችው እናት አንዲት ብቻ ናት፣ ማሽኑ ሁለተኛ ስም ካየ ስህተት አለ ብሎ መጮህ አለበት። እንዲህ እያለች ለእያንዳንዱ ዝምድና ጠባዩን ትፈልግለትና ስክሪኗ ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ታደርጋለች። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ማንም ያልነገረውን ነገር ራሱ ይደርስበታል። የሥራው ደስታም ጣጣም እዚያ ላይ ነው።

«ጓደኛ» የሚለው ላይ ተጣላን። ደርሶ መልስ ልታደርገው ስትል እጇን ያዝኩ። «የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ላገኘው ሰው ሁሉ ጓደኛዬ ናት ይላል። እኔ ግን ደረጃ ላይ ሳየው በሌላ በኩል ነው የምዞረው» አልኳት። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ምልክቱንም ተወችው።

«ወንድም» እና «እህት» ላይ ስትደርስ መጀመሪያ በእናት፣ በአባት፣ በሁለቱም ብላ ለይታ ልትመዘግብ ፈልጋ ነበር። ሰዉ እንቢ አለ። የእኔ መስኮት ላይ አንድ አዛውንት ከዘራቸውን እያወዛወዙ፣ «ግማሽ ወንድም? ግማሹን የት ጣልኩት ልበል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በእኛ አፍ ወንድም ወንድም ነው፤ ማን እንደወለደው እየቆጠሩ መጥራት ነውር ነው። ቀስቷም ሰዉን ሰማች። ሁሉንም አንድ አደረገችና ደርሶ መልስ ብላ ምልክት አደረገች፤ ቀጥላም ተሻጋሪ አለችው። የወንድሜ ወንድም ወንድሜ ነው፤ ምን ያጠያይቃል? እሷ ራሷ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ አንድ ቤት ሙሉ እህትና ወንድሞች አሏት። ደንቡን በእነሱ ሞከረችው፤ ልክ መጣ።

ምልክቱ ብዙ ሰው እንደጠቀመ አልክድም። ወላጆቻቸውን የማያውቁ፣ በማሳደጊያ ያደጉ ልጆች አንዱ ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን ብቻ ሲያስመዘግቡ፣ ማሽኑ ሦስቱንም አገናኝቶ አስለቅሶናል። አንዴ ብቻ ቀለደብን፤ አለቃችን የራሳቸው ወንድም ናቸው አለ። ቀስቷ ስታስረዳኝ፣ እሳቸው የወንድማቸው ወንድም ናቸው፣ ወንድማቸው ደግሞ የእሳቸው ወንድም ነው፤ ቀስቱ ተሻግሮ ወደ ራሳቸው ተመለሰ። አለቃችን የታተመውን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና፣ «ቢያንስ አንድ የሚረዳኝ ወንድም አገኘሁ» ብለው ወጡ። እሷም እየሳቀች ማሽኑ እንዲህ ያለውን እንዳያትም ከለከለችውና አለፈች። መሳቁን ትታ ማሰብ የነበረባት ያን ጊዜ ነበር።

ከዚያ አንድ አርብ ጠዋት መስኮቴ ላይ ሙሽሮች መጡ። እሷ ፀጉር ሠሪ ናት፤ የሰው ፀጉር ስትሠራ ሰንብታ የራሷን ከነመጠቅለያው በሻርፕ ሸፍናዋለች። እሱ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ እንኳ እግሩ ፍሬን ይፈልጋል። ሠርጋቸው በማግስቱ ነው፤ አዳራሽ ተይዟል፣ ዘመድ ከሩቅ ተሳፍሯል። በመካከላቸው የተቀመጠው ደግሞ ኪሱ በፒንሳና በሽቦ ያበጠ፣ ፊቱ ፈገግታ ብቻ የሆነ ወጣት መብራት ሠራተኛ ነው።

«ይሄስ ማነው?» ስል ሁለቱም ባንድ አፍ «ወንድሜ» አሉኝ።

እስኪርቢቶዬን አስቀመጥኩ። «የሁለታችሁም?»

«እትዬ፣ አይደንግጡ፤ እኔ ልንገርዎ» አለች ሙሽራዋ። የእሷ እናትና የሙሽራው አባት ድሮ፣ እያንዳንዳቸው ከሌላ የወለዱት ልጅ እያላቸው ተጋቡ። ትዳሩ ብዙ አልዘለቀም፤ ልጆቹም ያኔ በየአያቶቻቸው ቤት ስለነበሩ አልተያዩም። ከትዳሩ የተረፈው አንድ ሕፃን ነበር፤ ይኸው መሀል የተቀመጠው። ወላጆቹ ሲለያዩ ሁለቱም ትልልቆቹን ልጆቻቸውን ወደየቤታቸው ወሰዱ። እሱ ብቻ አንዱን ሳምንት እናቱ ቤት ከእህቱ ጋር፣ አንዱን ሳምንት አባቱ ቤት ከወንድሙ ጋር፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሲመላለስ አደገ። ሁለቱም ቤት «የጋራችን» ይሉታል። ካደገ በኋላ ከመሰላል ወድቆ ሆስፒታል ሲተኛ፣ እህቱ ቀን ቀን፣ ወንድሙ ማታ ማታ ያስታምሙት ጀመር። ተራ ሲቀያየሩ ተያዩ። የምሳ ዕቃ ተቀባበሉ። እግሩ ድኖ ከወጣ በኋላም መቀባበሉን አላቆሙም።

«እግሬን ሰብሬ ነው ያጋባኋቸው» አለ የጋራችን።

«መሰላሉንም ሠርጋችን ላይ ጠርተነዋል» አለ ሾፌሩ።

«ከሁሉ የሚያስቀኝ» አለች ሙሽራዋ፣ «ተፋትተው የተገላገሉት የእሱ አባትና የእኔ እናት አሁን በእኛ የተነሳ እንደገና ሊዛመዱ ነው።»

እየሳቅኩ ስማቸውን አስገባሁ። ስክሪኑ ቀላ። «ተጋቢዎቹ እህትና ወንድም ናቸው። ጋብቻው አይመዘገብም።»

ሳቁ አፋችን ላይ ደረቀ። በደም ጠብታ እንኳ የማይገናኙ ሰዎች! ደሜ ፈላ፤ ስክሪኑን በመዳፌ ጠፈጠፍኩት። እሱ ምንም አልሆነም፤ እኔን ግን እጄን አመመኝ።

ድምፅ ሰምተው አለቃችን ብቅ አሉ። ነገሩን አዳመጡና መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «ቀላል ነው። ማሽኑ የሚያገናኛቸው በዚህ ልጅ በኩል ነው። ከሁለት አንዳቸው ጋር ያለውን ወንድምነት ይሰርዝ። ይፈርማል፣ ማሽኑ ይለቃል፣ ትጋባላችሁ።» መልካም ሰው ናቸው፤ ግን ነገር ቶሎ እንዲያልቅላቸው ይወዳሉ። ወረቀቱንም እዚያው አወጡለት።

ልጁ እስኪርቢቶውን ተቀበለ። «የቱን ልሰርዝ?» አለ።

እየቀለደ መስሎኝ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ያ ፈገግታ ከፊቱ የለም።

«ትንሽ ልጅ ሆኜ ዳኛ ፊት አቁመው ከማን ጋር ነው የምትሆነው ብለውኝ ነበር» አለ። «ያኔ መልስ አልሰጠሁም፤ አልቅሼ ነው የወጣሁት። አሁን ትልቅ ሰው ነኝ፣ ሠርጉም የእነሱ ነው። ንገሩኝና ልፈርም። የቱን ልሰርዝ?»

«እኔን እንዳትሰርዘኝ» አለች ሙሽራዋ፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። ልጁ አንጀቴን በላው። ወረቀቱን ከፊቱ ነጠቅኩና፣ ስልክ ማንሳቱም አልታየኝ፣ ደረጃው ሥር ቆሜ «ቀስቷ!» ብዬ ጮህኩ። ሕንፃው ሁሉ ሰማ።

እየሮጠች ወረደች። መጀመሪያ ለማሽኑ ተከራከረች። «የተነገረውን ነው የሚለው፤ ከራሱ አያመጣም» አለች። ከዚያ ሙሽሮቹ ለእኔ ያመጡትን የጥሪ ካርድ ገለበጠችና ሦስት ክብ ሳለች። ከእህቲቱ ወደ ልጁ ደርሶ መልስ ቀስት። ከልጁ ወደ ሾፌሩ ደርሶ መልስ ቀስት። ሦስተኛውን ቀስት፣ ከሾፌሩ ወደ ሙሽራዋ፣ ጀመረችውና እጇ መሀል ላይ ቆመ።

«ያንቺ አባት ማናቸው?» አለቻት። «የእሱስ እናት?» ነገሯት። ከክቦቹ በላይ ሌሎች ክቦች ጨመረች፤ ከያንዳንዱ ልጅ ወደ እናቱና ወደ አባቱ አሰመረች። ፊቷ ቀስ እያለ ቀላ። «የዚህ ልጅ እናት ያንቺ እናት ናቸው። የዚህ ልጅ አባት የሙሽራው አባት ናቸው። እናንተ ሁለታችሁ ግን በእናትም በአባትም አትገናኙም። ይሄ ቀስት መሻገር አልነበረበትም።»

ሰው ፊት ጥፋቱን የሚያምን ባለሙያ ብዙ አላየሁም፤ ስለዚህ ይህን ስጽፍ ትንሽ እኮራባታለሁ። ወደ ሙሽሮቹ ዞረችና፣ «ያስቸገርኳችሁ እኔ ነኝ» አለች። «ወንድምነት ደርሶ መልስ ነው፤ እሱ ላይ አልተሳሳትኩም። ተሻጋሪ ነው ያልኩት ግን የራሴን ቤት አይቼ ነው። እኛ ቤት ሁላችንም የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ነን፤ ይሻገራል። ሰው ሁሉ እንደኛ ቤት መሰለኝ።»

«ጥሩ» አሉ አለቃችን ሰዓታቸውን እያዩ። «እንግዲህ ልጁ ለዛሬ ይሰርዝና ሰኞ እንመልስለታለን።»

«ማንም ወንድሙን አይሰርዝም!»

ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም ነበር። እሷም የደነገጠች ይመስለኛል፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «ጋሼ፣ ልጁ የተናገረው እውነት ነው፤ ሁለቱም ወንድምና እህቱ ናቸው። ውሸቱ ያለው እኔ ምልክት ያደረግኩበት ሳጥን ውስጥ ነው። የሚሰረዘው እሱ ነው።»

«ከመዝጋታችን በፊት ካልደረሰስ?»

«ይደርሳል» አልኩ እኔ፤ ማን ጠየቀኝ?

አንድ ምልክት ማንሳት የደቂቃ ሥራ መስሎኝ ነበር። ሻይ ይዤላት ስወጣ ግን ጭንቅላቷን ይዛ አገኘኋት። ምልክቱን ዝም ብላ ብታነሳው፣ በእሱ የተገናኙት የማሳደጊያ ልጆች መልሰው ሊለያዩ ነው። «ወንድምነትን ከላይ ማስመር የለብኝም» አለችኝ ሻዩን ሳታየው። «ከሥር፣ ከወላጅ ነው መነሳት ያለብኝ። እናትንና አባትን ይያዝ፤ አንዲት እናት ወይም አንድ አባት የሚጋሩ ሁሉ ወንድምና እህት ናቸው እለዋለሁ፤ የቀረውን ራሱ ያውጣው። ወላጆቻቸው የማይታወቁትን ደግሞ እንዳገናኘናቸው አንድ በአንድ በእጄ እጽፋቸዋለሁ። እነዚያን አልበትንም።»

ምሳዋን አልበላችም። ባሏ የላከላትን ዳቦ እኔ በላሁላት። ሙሽራዋ ዝም ብሎ መቀመጥ አቅቷት፣ እጇ ሥራ ሲፈልግ የእኔን ፀጉር ያዘች፤ ከሰዓት በኋላ የመጡት ባለጉዳዮች ራሴ ሙሽራ መስያቸው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። ሾፌሩ በኮሪደሩ ላይ ሲመላለስ ዋለ፤ ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ ይታጠፋል። የጋራችን ደግሞ በቀስቷ ክፍል ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት አየና ወንበር ላይ ወጥቶ ጠገነላት። መሰላል እንዳይወጣ እህቱ አስምላዋለች።

ሊዘጋ ሲል ቀስቷ ወረደች። ዓይኗ ደም መስሏል። «እስኪ ሞክሪው» አለችኝ።

ልጁ የሙሽራዋ ምኗ ነው ብዬ ማሽኑን ጠየቅኩ። ወንድሟ ነው አለ። የሙሽራውስ? ወንድሙ ነው አለ። ግማሽ የሚል ቃል የትም የለም። ሙሽራዋና ሙሽራውስ? ማሽኑ ትንሽ አሰበ። «በመካከላቸው ዝምድና አልተገኘም።»

«አሁን እንፈጥርለታለን» አለ ሾፌሩ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሙሽራዋ ቀስቷን አቅፋ ወዘወዘቻት።

ሙሽሮቹ ፈረሙ። የቀረው ምስክር ነው፤ እሱም ያው ልጁ እንደሚሆን የታወቀ ነው። ስሙን አስገባሁና ማሽኑ «የማን ወገን? የሙሽራው ወይስ የሙሽራዋ?» አለኝ። የሙሽራዋን ነካሁ። የሙሽራውን ብነካ የመጀመሪያው ጠፋ። መልሼ ነካሁ፤ ያኛው ጠፋ። ቀና ስል የጋራችን ስክሪኑን እያየ ነው። እስኪርቢቶው ጣቱ መካከል ቆሟል። «ይሄም ይጠይቃል?» አለ በቀስታ።

«ይሄን ደግሞ ማነው አንድ ለእናቱ ያደረገው?» አልኩ ተቆጥቼ።

«እኔው ነኝ» አለች ቀስቷ፤ ወንበሬን ገፋ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። «አንድ ምስክር አንድ ወገን ብቻ ይኖረዋል ብዬ ነበር። ማን ነው እንደዚያ ያለኝ? ማንም።»

አለቃችን ቁልፋቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። «ቆይ ቆይ፣ አንድ ሰው ለሁለቱም ወገን? ደንቡ ይፈቅዳል?»

«ደንቡ እያንዳንዱ ወገን ምስክር ይኑረው ነው የሚለው ጋሼ። ምስክሩ ከሁለቱም ወገን አይሁን አይልም።»

አለቃችን ደንቡን ከመደርደሪያ አውጥተው፣ መነጽራቸውን አውርደው፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ መጽሐፉን ዘጉትና ቁልፋቸውን ኪሳቸው መለሱ። «አይልም» አሉ።

እሷም ምልክቱን አነሳች። እኔ የሙሽራዋን ነካሁ፤ የሙሽራውን ነካሁ። ሁለቱም በሩ።

የጋራችን በእህቱ በኩል ፈረመ። በወንድሙ በኩል ፈረመ። ሁለቱ ፊርማዎች አይመሳሰሉም፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ። እስኪርቢቶውን ሲመልስልኝ ግን ቶሎ አልለቀቀውም።

«ጨረስኩ እትዬ?»

«ጨረስክ።»

«ማንንም አልሰረዝኩም አይደል?»

«ማንንም አልሰረዝክም፣ ልጄ» አልኩት፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ።